በቅናሽ የገዛሁት ቴሌቪዥን

ሰኞ

ምስሉ ጠፋ። ድምፁ አለ። ሙሉ በሙሉ ቢሞት ይሻለኝ ነበር።

ከአሱር ሶላት በኋላ ለአባ የመካውን ጣቢያ ከፍቼላቸው እኔ ስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ቀና ስል ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ከውስጡ ቁርኣን ይቀራል። አባ ጥቁሩን እያዩ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። መቼ ጠፋ ስላቸው፣ ቅድም፣ አሉ። ቅድም ማለት ምን ያህል ቅድም እንደሆነ አላህ ይወቀው። እንዳልናደድ ብለው ነው የደበቁኝ።

ተናደድኩ። ከገዛሁት ሁለት ሳምንት አልሞላም። ደሴ ጨርቅና ክር ልገዛ ወርጄ፣ ከመናኸሪያው ብዙ የማይርቀው ሱፐርማርኬት ገባሁ። ከፓስታውና ከሳሙናው ጎን ቴሌቪዥን እንደ ጡብ ተደርድሯል፣ ከላዩ «ታላቅ ቅናሽ» ተጽፏል። የመጣሁበትን ጨርቅ ትቼ እሱን ገዛሁ። የአንድ ዓመት ዋስትና አለው አሉኝ። ደስ ብሎኝ እስከ ቤቴ ድረስ ብቻዬን ስስቅ ነው የመጣሁት።

አባ ቀኝ ጎናቸውን ከታመሙ ወዲህ ከአልጋቸውና ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ወጥተው አያውቁም። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ልጅ ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ ሸህ፣ ዛሬ መስጊድ ድረስ መሄድ አቃታቸው። ለሐጅ ያስቀመጡት ሁሉ ወንድሜን ከየመን ደላሎች እጅ ለማውጣት ሄደ። ወንድሜ አሁን ሳዑዲ ነው። መካ ቅርቡ ነው። አይደውልም። አባ ይህን አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም፤ የማነሳው እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ረመዳን ሳይገባ ቢያንስ የመካውን ሐረም በዓይናቸው ይዩ ያልኩት።

የሰፈራችን ጠጋኝ ከማል መጥቶ አየው። ቤቱን አጨልሞ በእጅ ባትሪ ስክሪኑ ላይ ሲያበራ ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ታየ። ከኋላ የሚያበራው መብራቱ ነው የተቃጠለው፣ እኔ ከከፈትኩት ዋስትናሽ ይቀራል፣ ወስደሽ ይቀይሩልሽ አለኝ።

ከማል ሲሄድ አባ፣ «እስኪ ያችን ባትሪ ስጭኝ» አሉ። በግራ እጃቸው ይዘው ስክሪኑን ቀስ እያሉ ፈለጉት። ብርሃኑ ብርጭቆ አፍ ብታክል ነው። በዚያች ውስጥ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሲዞሩ ታዩ። «አገኘሁት» አሉ። ልብስ ላነሳ ነው ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ደረሰኙ ላይ ባለው ስልክ ስደውል ዋልኩ። በስንት መከራ አንዲት ልጅ አነሳች። ዕቃው ከነካርቶኑ ካልመጣ አይቀበሉም። ካርቶኑ መኖሩን ሳትጠይቀኝ ዘጋችው።

ካርቶኑን ለጎረቤቴ ለእትዬ አልማዝ ሰጥቻቸው ጫጩት አስገብተውበታል። ሄጄ ነገርኳቸው። ጫጩቶቹን እያነሱ ቅርጫት ውስጥ ጨመሩ፤ እናትየዋ ዶሮ እግሬን በመንቁሯ ስትወጋኝ ነበር። ካርቶኑን ፀሐይ ላይ አሰጥተን፣ ጠርገን፣ በደረቅ ጨርቅ አሸን። ሽታው አልለቀቀም። እትዬ አልማዝ እንዲህ አሉ፦ «ይሽተታቸው። ለእነሱ የሚገባው ይኸ ነው።»

ደሴ ደርሼ እስክመለስ አባን እሳቸው ይጠብቁልኛል። ሁለት ቀሚስና የአንዲት ሙሽራ ሙሉ ልብስ ሳይሰፋ ቀረ። የሙሽራዋ እናት መጥታ ፊቷን አጥቁራብኝ ሄደች። እውነቷን ነው።

ረቡዕ

የደሴው አውቶቡስ ረዳት ቴሌቪዥኑን ጣሪያ ላይ ልሰር አለ። በዚያ ኮረኮንች ጣሪያ ላይ ከወጣ ደሴ ሲደርስ ድምፁም አይተርፍ። እንቢ አልኩ። እንግዲያው እንደ ሰው ይከፍላል አለኝ፤ ከፈልኩለትና ጎኔ አስቀመጥኩት። ሰው መሀል መተላለፊያው ላይ ቆሞ፣ የሞተ ቴሌቪዥን ወንበር ይዞ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ሲቆሙ ግን አላስቻለኝም፤ አስቀመጥኳቸውና ጭኔ ላይ አቀፍኩት። ጉልበቴ እስካሁን የኔ አይመስለኝም።

ፍተሻ ላይ ካርቶኑን አስከፈቱኝ። ፈታሹ አፍንጫውን ይዞ፣ ምንድን ነው ያለበት አለ። ቴሌቪዥን ስል አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ መስኮት በኩል ስለሆነ ማንም አላየኝም።

ደሴ ስደርስ ዕቃ የሚመልሱበት ክፍል ተዘግቷል። የአክስቴ ልጅ ቤት ነኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ስደርስ ሰልፍ አለ። ሁሉም የተበላሸ ነገር ታቅፏል፤ ካውያ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማፍያ። የሁሉም ጫማ አቧራ ለብሷል። የደሴ ሰው የለበትም። ሁላችንም ከሩቅ የመጣን ነን።

ከፊቴ ቡናማ ኮት የለበሱ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ጋሽ ታደሰ ይባላሉ። አጅባር ሻይ ቤት አላቸው። የእሳቸው ቴሌቪዥን ከኔ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ሕመሙ ብቻ ይለያል። ትንሽ ይሠራና ራሱን ያጠፋል። ኳስ ሊያዩ የሚመጡት ወጣቶች፣ ጎል ሊገባ ሲል ጠፋብን ብለው የሻይ ሳይከፍሉ እየወጡ አስቸገሯቸው። ባለፈው ሳምንት መልሰውት፣ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ይሰጥዎታል ተብለው ነበር። ዛሬ መጥተው አልመጣም ተባሉ። ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉኝ፣ የእሳቸውን ሰጡኝ። «አንቺ አትልቀቂ፣ የኔ ልጅ» ብለውኝ ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁ ገና ወጣት ነው፤ ሽቶ ተቀብቷል። ዕቃውን ሳያየው፣ መብራት ነው ያቃጠለው አለኝ። የእናንተ አገር መብራት ይዋዥቃል፣ ዋስትናው የመብራት ችግር አይሸፍንም። የእናንተ አገር ሲል ሌላ ክፍለ ዓለም ያለ ነው የሚመስለው። ሲሸጡልኝ አገሬን አልጠየቁኝም አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ውስጥ ገባ።

ምን እንደገባብኝ አላውቅም። ቴሌቪዥኑን አወጣሁ፣ ለማሳያ ካቆሟቸው ጎን ሶኬት አገኘሁና ሰካሁት፤ የማሳያውን የዲሽ ገመድ ነቅዬ ለእሱ ሰጠሁት። ጥቁር ስክሪን፣ ሙሉ ድምፅ። ዜና ያነባል። ካርቶኑም ከነሽታው ከፓስታው አጠገብ ቆሟል። የሚገዛው ሰው ሁሉ ቆም እያለ ያየኛል፣ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ጥበቃው መጥቶ አንሽው ሲለኝ፣ እህት የለህም ወይ አልኩት። ሄዶ በር ላይ ቆመ።

ከቀትር በኋላ ሥራ አስኪያጁ ሌላ ቴሌቪዥን ይዞ ወጣ። የካርቶኑ ፕላስተር አዲስ ነው። ፊት ለፊቴ ፈትቶ አበራው፤ ምስሉ ጥርት ያለ ነው። «በቃሽ?» አለኝ። በቃኝ።

አሸነፍኩ። ለአባ ደውዬ ነገርኳቸው። አልሀምዱሊላህ አሉ፣ በልቼ እንደሆነም ጠየቁኝ።

ዓርብ

መንገድ። አቧራ። ዛሬም ጎኔ አስቀምጬ ከፈልኩለት፤ ግን የአሁኑ አዲስ ነው ብዬ አልቆጨኝም። ቤት ስገባ አባ ተላጭተው ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ጠበቁኝ። እትዬ አልማዝ ናቸው ያለበሷቸው። ለቴሌቪዥን ነው ወይስ ለኔ ብዬ ቀለድኩባቸው። ዲሹን ነገ እናገናኘዋለን። ወድቄ ልተኛ ነው።

ቅዳሜ



ጠዋት ከማል አገናኘልን፣ ሐረሙ ጥርት ብሎ መጣ። አባ ወንበራቸውን አስጠጉ። ጥቂት እንዳየን ጭልም አለ። ድምፁም ጠፋ። መብራት ሄደ ብዬ አምፖሉን ሳይ በርቷል። በሪሞቱ ከፈትኩት፣ መጣ። ደግሞ ጠፋ። ያኔ የጋሽ ታደሰ ነገር ትዝ አለኝ፤ ግን ሁሉም እንዲህ ዓይነት ሕመም ይኖረው ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ሪሞቱን ስነካካ ሌላ ነገር ተከፈተ። ዳስ። የሰርግ ዳስ ነው፤ ሙሽሮች፣ ጭብጨባ፣ ዘፈን። ከየት መጣ ብዬ ከኋላ በእጄ ስዳብስ፣ ጠርዙ ሥር አንዲት ትንሽ ፍላሽ ተሰክታለች። እኔ ፍላሽ የለኝም። ቀና ብዬ ሳይ ቡናማ ኮት የለበሰ ሰው ሙሽራዋን ግንባሯን ይስማል። ሐሙስ ዕለት የለበሱት ኮት ነው። ጋሽ ታደሰ ናቸው።

የሰጡኝ አዲስ አይደለም። እሳቸው የመለሱትን ነው፤ በአዲስ ፕላስተር አሽገው። ሥራ አስኪያጁ እዚያ አቁሞ ሲያሳየኝ እስኪጠፋ ድረስ እንደማልቆይ ያውቃል። ከመካነ ሰላም ደግሜ እንደማልመጣም ገምቷል። የኔንስ ለማን ይሆን የሚሰጡት።

አባ አጥፊው አሉኝ፣ የሰው ጓዳ ነው አሉ።

ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ቴሌቪዥኑ የሚናደዱ መስሎኝ ነበር።

«ፍላሿ ሰማያዊ ክር ታስሮባታል?» አሉኝ።

«አዎ፣ አላት።»

«ባለቤቴ እዚያ ውስጥ ናት።»

ሚስታቸው ኅዳር ላይ አርፋለች። ከመታወቂያዋ ፎቶ በስተቀር ሌላ ምስል የላትም፤ የልጃቸው ሰርግ ላይ የተቀረጸችው ብቻ ናት። ሻይ ቤቱ ሲዘጋ ማንም ሳያያቸው ፍላሿን ይከፍቷታል። ቴሌቪዥኑን ሲመልሱ መንቀሏን ረሱ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ገለባብጠው ፈልገዋል። አስተናጋጃቸውን ጠርጥረው ተናግረዋት ልጅቷ ሥራውን ጥላባቸው ሄዳለች።

እሁድ

መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም፤ ወይም የሚናገር የለም። የሙሽራዋን ልብስ ስሰፋ ዋልኩ። ሁለት ጊዜ አጣምሜ ፈታሁት።

ፍላሿን በሹፌር ልልክላቸው አስቤ ነበር። አባ እንቢ አሉ። ይህ አማና ነው፣ የሰው አደራ፣ አማና በእጅ ነው የሚሰጥ፣ ቴሌቪዥኑ ቢቀር ይቅር አሉ። ቴሌቪዥኑ አይቀርም አልኳቸው። ለምን ይቀራል? እንዲህ እየቀረ እየቀረ አይደል ሰው የሚጫወትብን። ድምፄ ከፍ አለ። አባ ላይ ጮህኩ። ከዚያ እግራቸው ሥር ተቀምጬ አፉ በሉኝ አልኳቸው። በግራ እጃቸው ራሴን ዳሰሱኝ።

ጋሽ ታደሰ ማክሰኞ ጠዋት ደሴ እንገናኝ ብለዋል። የገዙበትን ደረሰኝ ይዘው ይመጣሉ።

ሰኞ

መንገዱ ተከፈተ። የሙሽራዋን ልብስ አስረክቤ ወጣሁ፤ እናቷ አላመሰገነችኝም። እትዬ አልማዝ ዛሬ ሁዳዴ ይዘዋል፤ ባዶ ሆዳቸውን ካርቶኑን ተሸክመው መናኸሪያ አደረሱኝ። ያው አውቶቡስ፣ ያው ረዳት። «ዛሬም ከባልሽ ጋር ነሽ?» አለኝ። አልሳቅሁም።

ማክሰኞ

ጋሽ ታደሰ ከኔ በፊት ደርሰው በሩ ላይ ቆመዋል። ያው ኮት፤ ጫማቸውን አስጠርገዋል። ፍላሿን ልሰጣቸው እጄን ስዘረጋ፣ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። መጀመሪያ እነሱ ይዩት አሉ።

ሥራ አስኪያጁ ሲያየኝ ደከመው። ከዚያ ጎኔ ያሉትን አየና ዓይኑን ወደ መደርደሪያው መለሰ። ያኔ ማወቁን አወቅሁ። ተናገርኩ። በእርጋታ ነው የተናገርኩት፤ ሌሊቱን ስለማመድ ነበር። አልካደም እንኳ፤ ቀለደ። ፍላሽ ማንም ሊሰካ ይችላል፣ ቤትሽ የሰካሽው እንደሆነ በምን አውቃለሁ አለ። ጋሽ ታደሰ ደረሰኛቸውን ዘረጉ፤ ቁጥሩ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ጸሐፊ ተሳስታ ይሆናል አለ።

ሱቁ ሙሉ ነው። ሰው ለረመዳን ቴምር፣ ለሁዳዴ ምስርና ዘይት እየሸመተ ነው። ቴሌቪዥኑን አውጥቼ ባለፈው ቦታ ሰካሁት። ጥበቃው በዓይኑ አየኝና ፊቱን አዞረ።

ዳሱ መጣ። ሙሽሮቹ መጡ። ጋሽ ታደሰ በስክሪኑ ላይ ልጃቸውን ሳሙ፤ ከስክሪኑ አጠገብም በዚያው ኮት ቆመዋል። ሰው እሳቸውንና ቴሌቪዥኑን እያፈራረቀ ማየት ጀመረ። አንዲት ሴት ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች።

ከዚያ ሚስታቸው መጡ። ትሪ ይዘው፣ ነጠላቸውን አገልድመው። የሚቀርጸውን ልጅ በእጃቸው እየገፉ፣ ሂድ ወዲያ፣ እኔን ምን ልታደርገኝ ነው እያሉ ይስቃሉ። ጋሽ ታደሰ ሱቁንም፣ ሰውየውንም፣ እኛንም ረሱ። አንድ እርምጃ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ሚስታቸው ትሪውን አስቀምጠው ወደ ካሜራው ቀጥ ብለው ሊያዩ ቀና ሲሉ ቴሌቪዥኑ ጠፋ።

ጋሽ ታደሰ ጥቁሩን ስክሪን እያዩ ቆሙ። በሪሞቱ መልሼ ልከፍት ስል እጄን ያዙኝ። «ተይው፣ በቃ» አሉ። ፍላሿን ነቅዬ መዳፋቸው ላይ አደረግሁላቸው። ጨበጧት።

ዘንቢሏን ያስቀመጠችው ሴት ለሥራ አስኪያጁ ያለችውን አልጽፈውም። ሌሎቹም ቀጠሉ። የያዙትን መደርደሪያው ላይ እየመለሱ የወጡ አሉ። ነገሩ ለሥራ አስኪያጁ የገባው ያኔ ነው። ወደ ቢሮ ጠርቶን የሁለታችንንም ብር መለሰ፤ ይቅርታ አላለም። ለመንገዱ፣ ለዋልኩበት፣ ላልሰፋሁት ማን ይከፍለኛል? ጠይቄዋለሁ። ዕድለኛ ነሽ አለኝ።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ስፌት የምፈታበት ሹል ብረት አለ። ቴሌቪዥኑ መደርደሪያው ጥግ ብቻውን ቆሞ ነበር። ጀርባው ላይ በትልቁ «ይጠፋል» ብዬ ጫርኩበት። የሰው ዕቃ አበላሽቼ አላውቅም። ዛሬ ደስ ብሎኝ ነው ያበላሸሁት። የመጀመሪያው የኔ ግን የት እንደደረሰ አላውቅም፤ በዓይኔ ፈልጌ አጣሁት።

ጋሽ ታደሰ የአጅባሩ አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ። እንደደረሱ መጀመሪያ ወደ አስተናጋጇ ቤት ሄደው ይቅርታ እንደሚጠይቋት ነገሩኝ። ትምጣም አትምጣም አሉ።

ረቡዕ

አቀስታ ላይ ቆመናል። ከፊታችን መንገዱ ተዘግቷል። አልጋ ያዝኩ። ነገ የረመዳን ጾም ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን ከአባ ጋር አልይዝም። ላለፉት ዓመታት አንድም ጊዜ ተለይቻቸው አላውቅም።

የአልጋ ቤቱ ባለቤት ጥሩ ሴት ናት። ውሃ አሙቃ ሰጠችኝ። ደሴ ቅናሽ አለ ይባላል፣ ቴሌቪዥን ልገዛ አስቤአለሁ፣ አንቺ ከዚያ ነው የመጣሽ፣ አይተሻል ወይ አለችኝ። ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ ካርቶኑን፣ ሰልፉን፣ ፍላሿን፣ የሚስትየዋን ትሪ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሰማችኝ። ስጨርስ ትንሽ አሰበችና፣ «ዋጋው ግን ርካሽ ነው አይደል?» አለችኝ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ኔትወርክ ሲመጣ ቤት ደወልኩ። አባ ስለ ብሩ አልጠየቁኝም። ሰውየው አማናውን ተረከበ ወይ አሉኝ። በእጁ፣ አልኳቸው። ሱቅ ውስጥ የሆነውን ልነግራቸው ጀመርኩና ሚስትየዋ ላይ ስደርስ አለቀስኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ለእሷም ለሁላችንም ዱዓ አደረጉ፣ ረጅም ዱዓ፤ አሚን እያልኩ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። ሌላ ቴሌቪዥን እገዛለሁ ልላቸው አስቤ ነበር። ገና ሳልወስን ስልኩ ለእትዬ አልማዝ ተላለፈ።

ለስሁር ምግብ ሌሊት ማን ይቀሰቅሳቸዋል ብዬ ልጨነቅ ስል እሳቸው ቀደሙኝ። ዛሬ እናንተ ቤት ነው የማድረው አሉ። ለእራት ሽሮ ጥደዋል።

«አባትሽ ቅቤ እንዳልጨምር ጠይቀውኛል፣ ከኔ ጋር ሊበሉ» አሉኝ። «አንድ ድስት ይበቃናል፣ ዘሀራ። አንቺ ብቻ በሰላም ነይ።»

ሹፌሩ መንገዱ ነገ ይከፈታል ይላል። ጠዋትም እንዲሁ ብሎ ነበር።